እንየው

ሦስት ማለዳ ሆነው፤ ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ»፤
ከ«ጠቅ» ሌላ አያውቅ።
አሥር ሳጥን ቆሮሶ ከኋላ ተጭኖ፣
በረዶው እየቀለጠ ውሃ ውሃ ሆኖ፣
የሽምብጥ ድመት ሁሉ እንደ ሠርገኛ ታድሞ፣
ጎማ ሥር ተሰልፎ፣ ከእኔ ነቅቶ ቀድሞ።

«ግፉ!» አልኩ። ገፉኝ ሁለት ጀልባ ቀዛፊ፣
አንድ ሎተሪ አዟሪ፣ አንድ መንገድ አላፊ።
በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፤
ተነሣ። በመስኮት «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፣
እየሄድኩም ረገምኩ።
የረገምኩት ታዲያ ኑርሁሴንን ነው፣
ከገበያው ማዶ ባትሪ የሚሸጠው።

በወሩ ነው የሞተ! አዲስ ብሎ የሰጠኝ፣
ዋስትና በማኅተም፣ በወረቀት ያጸናልኝ።
ትናንት ሱቁ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«አሮጌ ቀብተህ ነው! ሌባ!» አልኩት ሳላቅማማ።
እሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገና፣
«ዲናሞውን አስፈትሽ» አለኝ በትሕትና።
ትሕትናው አናደደኝ።
ጥፋተኛ እንዲህ ነው፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣
ብዬ ፈረድኩበት፤ ልቤም «እውነት» ብሏል።

ከድባንቄ ወዲህ፣ ከዋርካው አጠገብ፣
ዘይት በጠጣ መሬት፣ በጎማ ክምር ከበብ፣
አንድ ሰው አለ፤ ስሙ እንየው ነው።
ለታመመ መኪና፣ ላመጣውም ሰው፣
ሰላምታው ስሙ ነው፦
«እስቲ እንየው።»

ኮፋኖውን ከፍቼ «ባትሪው ነው» አልኩት ቶሎ፤
«ሐኪሙ አንተ ከሆንክ ምን አመጣህ?» ብሎ
ሳቀ። የቴስተሩን ጫፍ በሱሪው ጠረገ፣
ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር አደረገ።
አሥራ አንድ ከስድስት። «ይሄ ሳይነሣ ነው፤
አሁን አስነሣልኝ።» በኬብል አስነሣነው።
«ነዳጅ ስጠው።» ሰጠሁት። ቁጥሩ ያው፣ አልፈቀቀ፤
እንደ ታሰረ ታንኳ ከወደቡ አልራቀ።
«አሥራ አራት መግባት ነበረበት» አለና
ጣቱን ዘረጋልኝ፣ ከቤቶቹ ማዶ፣ ወደ ጣና።

«ያ ውሃ ለዓባይ ሲሰጥ ስንት ዘመን ሆነው?
ሳይደርቅ የቀረበት ምክንያቱ ምንድን ነው?
ርብ አለ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፤
እነሱ ቢቀሩ፣ ያንተ ቆሮሶ ጭቃ ላይ
ሲገላበጥ ብታይ፣ ጣናን ነው የምትከሰው?
ሌላ ጣና ልትገዛ ሱቁ ወዴት ነው፣ አንተ ሰው!»

ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጠብቋል።
ፊውዙን ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ክሩ ደኅና ይዟል።
የማሳውን ገመድ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ዝገቱ ረገፈ፣
ቁጥሩ ግን ያው ነበር። ምሳ ሰዓት አለፈ።
የዓሣው ሽታ መጣ። ዝንብ መጣ። ደንበኛዬ ደወለ፤
«መርዓዊ ሰው ተሰልፏል፣ የት ነህ?» አለ።
እንየው አልቸኮለም።
በግምት አንዲት ብሎን አልነቀለም።
አንዱን ሳያጣራ ሌላውን አልነካም፤
እኔ ሰው ስከስስ ይህን ያህል አልለካም።

በመጨረሻ ዲናሞው ወረደ፣ ጀርባው ተፈታ፤
ሁለት ካርቦን መዳፌ ላይ አኖረ በዝግታ።
አንዷ ደኅና ናት። አንዷ አልቃ፣ አልቃ፣
የሕፃን ጥፍር አክላ፣ ከመዳቡ ርቃ
አየር ትነካ ነበር።
«ይቺ ናት» አለኝ። ያቺ!
ያቺን የምታህል ነገር፣ ባትሪ ያስራበች፣
አንድ ሰው በአደባባይ ሌባ ያሰኘች።

ለዕቃው አራት መቶ፣ ለእጁ ሦስት ጠየቀ፤
ቁጥሩ አሥራ አራት ገባ፤ የኔ ፊት ግን ወደቀ።

ስድስቱን ሳጥን ለወፍ፣ ለድመት ደፋሁና
ከቀረው ሁለት ወፋፍራም መርጬ፣ በፌስታል ቋጠርኩና
ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ መዝጊያውን ሲስብ ደረስኩ፤
«ኑርሁሴን» አልኩ፤ የቀረውን ዋጥኩ።
ፌስታሉን በመስኮት ዘረጋሁ።

መብራቱ ፊቱ ላይ ነው፤ ዓይኑን በእጁ ከለለ፣
ስለ ትናንቱ ነገር ምንም አላለ።
«ሞተሩን አታጥፋው» አለኝ፣ እጄ ቁልፉ ላይ ሳለ፤
«ትንሽ ይሙላ።»