ደወል እያለ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቂርያት ጋት ከተማ።
ከሕንፃችን ሥር፣ መጠለያው ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ጎማ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፍራሽ፣
ለፋሲካ ብቻ የሚወጣ ሳህን፣ በካርቶን፣ አቧራ ለባሽ።
የብረቱን በር ገፍተን፣
እኔና አራት ጓደኞቼ ጠረጴዛ ዘርግተን
እንፈራለን። በቀጠሮ። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት፤
እንደ ዜናው በነጻ ሳይሆን፣ ዳይስ ጥለን፣ በሥርዓት።

ተራኪዋ እኔ ነኝ፤
ቀን ጋራዥ ውስጥ የአውቶቡስ ፍሬን የምፈታ፣
መንደር ሠርቼ መብራቱን የማጠፋ ማታ።
ስላቫ መነኩሴ ነው፤ ጥርስ ሠሪ ነው በኑሮው።
ሞርዲ ወንበዴ፤ ይህ ግን አልራቀም ከተፈጥሮው።
ጀጃው ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ ሦስተኛ ሰው ጽፎ መጣ፣
ስሙን እንኳ ሳይለውጥ፣ "የወንድሙ ልጅ ነው" ብሎ፤ ማን ይቆጣ?
ኤፍራት ሐኪም። ዝምተኛ። ካርታውን ትስላለች፤
እኛ ስንጠፋ፣ በሩ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቃለች።

ሦስት ሳምንት ደክሜ ነበር ለዚህች ሌሊት፣
አባቴ በነገረኝ፣ በጎንደር፣ በአንጥረኞች ቤት፦
"ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ"
እየተባለ፣ ማረሻውን ከእጃችን ወስደው ዓይናችንን ይፈራሉ።
ሐሜቱን ገልብጬ አመጣሁት፦ እውነት ጅብ ቢኖርስ?
ከሳሹ ቢሆንስ ሲመሽ የሚለብሰው ያን ፀጉር፣ ያን ጥርስ?
የጅቡን ሳቅ ተለማመድኩ፤ የጋራዡ ውሻ ሸሸኝ።
ስላቫ ግን "ይህ የታመመ ትራክተር ነው" ብሎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ።
"እናቴ ብትሰማ በጫማ ትልሽ ነበር" ጀጃው አለ፤
ዳይሱ ፍራሹ ሥር ገባ፤ ሌሊቱም እንዲሁ ዋለለ።

ተናደድኩ። በእጄ ሌላ ነገር አልነበረም።
ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያለ ዕቅድ፣ ያለ ምንም፣
"ሐኪሟ ቤቷ ናት" አልኩ። "ሊነጋ ነው።"
ከጠረጴዛው ሥር፣ እንጨቱን በጣቴ መታሁት።
ኳ። ኳ። ኳ።

እርሳሱ ቆመ።

ጠረጴዛው መሐል ቀይ ካርድ አለን፣ ስንጀምር የተስማማንበት፤
የነካው ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ እንዘላለን፣ የትም ይሁን ያለንበት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። የቀለጠ ፊት፣
ከግድግዳ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ፣ ሁሉ አልፏል ያለ ምልክት።
ኤፍራት ነካችው። በአንድ ጣት።

ያኔ ትዝ አለኝ።
እንዴት ረሳሁ? ሰባቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ወንበር የደረደርኩ እኔው ነኝ።
ሐሙስ ንጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ፣
የወንድሟን ስም ከነአባቱ ከወረቀት ያነሡ፣
ደወል እያለ በእጅ ያንኳኩ፣
ጨዋ ሰዎች።
ያን በር እኔ አልሠራሁትም። ዳይስ አልተጣለበትም።

ሞርዲ የቺፕሱን ከረጢት አጣጠፈ። ስላቫ ሻይ ቀዳላት ከቴርሞሱ።
ጀጃው ዳይሱን ፍለጋ ፍራሹ ሥር ተንበረከከ፣ ረጅም ጊዜ፣ እያጉረመረመ ለራሱ።
"ከየት እንቀጥል?" አልኩ።
"በሩን አጥፊው" አለች፤ ላጲሷን ሰጠችኝ።
አጠፋሁት። የጎረቤቱንም። መንደሩ ሁሉ በር የለሽ ሆነ፤
ጅቡ መጣ፣ ሰተት ብሎ ገባ፣ የማን ቤት እንደሆነ ጠፋው፣ ባዘነ።
ኤፍራት ሳቀች፤ ትንሽ። "የታመመው ትራክተር" አለች።

አምስት ሰዓት ላይ ወንበሩን አጥፈን ወጣን።
ቁልፌን ጋራዥ ረስቼዋለሁ፤ እህቴ ተኝታለች፤
የደረጃው መብራት በራሱ ጊዜ ጠፋ።
እጄን አነሣሁ፤ ጣቴን አጠፍኩ፤
መልሼ ዘረጋሁት። በጨለማ ዳብሼ
ደወሉን ተጫንኩ።