መርፌው ባለበት ይቆይ

ሐሙስ ነበር። ፖርቶ ላይ ዝናቡ መስኮቱን ይልሳል፤
ቀዩ መድኃኒት ከላይ ተሰቅሎ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ዶና ዴኦሊንዳ አራተኛው ወንበር ላይ፣
እጃቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ።
ከቪላ ዱ ኮንድ ናቸው፣ ዳንቴል ሠሪ፤
ስድሳ ዓመት ሙሉ የክር መካሪ፤
ጣታቸው ነው ጥሪታቸው።

"ደህና ነዎት?" ስል "ደህና"፤ ደግሜ ስጠይቅ "ደህና"፤
ሕመምን ውጦ ፈገግ ማለት ለካ ልማድ ኖሯልና።
የእጃቸው ጀርባ ግን ምስጢሩን አወጣ፤
ሳንቲም የሚያህል እብጠት ብቅ አለ፣ ቀይ፣ የተቆጣ።

ከደም ሥር ያመለጠ መድኃኒት፣ ስሙ መድኃኒት አይደለም፤
ዕጢ ሊበላ የተላከ፣ ሥጋን ከሥጋ አይለይም።

ዘጋሁት።
እጄ ልንቀል አለ፤ እጄን ከለከልኩት።
መርፌው ባለበት ይቆይ!
የገባው በዚህ በር ነው፤ የሚወጣስ በዚሁ አይደል ወይ?
ባዶ ስሪንጅ ገጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳብኩ፤
"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ያለውን ሰው ታዘብኩ፤
ሁለት ጠብታ፣ ሦስት ጠብታ፣ ቀይ ቀዩን አፈስኩ።
ሌላው ግን ቀረ። አልዋሽም።

ሳላሽ፣ ሳልጫን፣ በሰማያዊ ብዕር
የእብጠቱን ዳር ዳር ከለልኩት፣ እንደ አገር ድንበር፤
ሰዓቱንም ጻፍኩበት፦ አራት ከሃያ።
በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እጃቸውን በትራስ ከፍ አድርጌ፣
"ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው፣ ፍርሃቴን በድምፄ ሸሽጌ።
"ማቃጠሉ መስሎኝ ማዳኑ። ደግሞ አንቺ ብዙ ሰው አለሽ፤
ለእኔ ጣት ብለሽ ለምን ትሩጪ? ልጄ፣ አሳዝነሽኝ።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ።
እኔ ግን ነቅዞ አይቻለሁ፦ አምና፣ የአንድ አናጢ ክንድ፣
ሁለት ቀን "ደህና ነኝ" ብሎ፣ ጅማቱ እስኪታይ ሲነድ።

ዶክተር ሰራፊም መጣ። ማርከሻው በሌላው ክንድ ገባ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ፤
የእሳቸው ዓይን ግን እኔ ያሰመርኩት ክብ ላይ።
"እኛም" አሉ፣ "ክሩ መንገድ ሲስት ስፒሉን አንነቅልም፤
ቢነቀል ስህተቱ ይጠፋል፤ ዳንቴሉ ግን አይድንም።"

ቆዳው አልተበሳም። ግን ከአውራ ጣታቸው ሥር
አንዲት ጠጣር ቦታ ቀረች፣ ጠዋት ጠዋት የምታስቸግር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ፤ ወንበሩም ያው አራተኛው፤
የሰማያዊው ቀለም ጥላ ገና ቆዳቸው ላይ ነው።
ሌላኛውን እጅ ዘረጉልኝ። ገና አልኮሉን ሳስነካቸው
"ያማል!" ብለው ጮኹ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ።
ጥጥ ብቻ ነበረ።

መደንገጤን አይተው ሳቁብኝ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።
"አትፍሪ" አሉኝ፣
"እየተለማመድኩ ነው።"