ዘንድ

ቡሬ ጤና ጣቢያ፣ የመርፌ ክፍል ውስጥ፣
ከሰልፉ በኋላ፣ ጀንበር ስትሰምጥ፣
ሲስተር ይታይሽ፣ ጓንቷን አውልቃ፣
በክትባት ካርድ ጀርባ፣ እስክሪብቶ አጥብቃ፣
የስፔንን ግስ ጻፈችልኝ።
«‹ቤን› ማለት ‹ና› ነው፤ ‹ቤ› ማለት ደግሞ ‹ሂድ›፤
‹ዲ› ካልህ ‹ተናገር› ነው።
ለጥማድ በሬ እንደሚባል፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ።

ስትከለክል ግን፣ ግሱ ይታመማል፤
ሥሩ ላይ ያልነበረ ‹ጋ› መሐል ይበቅላል፤
‹ኖ ቤንጋስ›፣ አትምጣ። ‹ኖ ዲጋስ›፣ አትናገር።
‹ቤ›ማ ‹ኖ ባያስ› ነው፤ ጭራሽ ሌላ ነገር።»

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት።
«እንጃ። እንዲህ ነው ያስተማሩን፣
በአሥር ዓመቴ፣ ባሕር ሲያሻግሩን።»

እኔ ግን ሳቅሁ።
አራት ክረምት ጎንጅ፣ ጎጆ ቀልሼ፣
ግስ ያወረድሁ ነኝ፣ ደበሎ ለብሼ፤
የኔታ በጨለማ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣
«ሑር» ብለው ሲያዙን፣ «ኢትሑር» ሲሉን ደግሞ አግደው፣
ያችን ሁለተኛዪቱን ከትእዛዝ ቤት አውጥተው
ከዘንድ ጎራ ነበር የሚያስቀምጧት።

«ዘንድ ነው፣ ሲስተር» አልኋት።
«ክልከላ ትእዛዝ አይደለም፤ ምኞት ነው፣ ኮስተር ያለ።
የኛስ ቢሆን? ‹ና› ብሎ ጠርቶ፣ ‹አትና› ያለ ማን አለ?
‹አትምጣ› እንላለን፣ ከጎረቤት ግስ ተበድረን።
‹እንካ›ማ መከልከያም የለው፤
እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው።»

አልሳቀችም።
በካርዱ ጠርዝ፣ በልጅ እጅ ጽሕፈት፣
«ኖ ቴ ባያስ» ብላ ጻፈች፣
ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።
«እንዲህ ያለኝ ሰው ነበር፣ ስመለስ፣ አውሮፕላን ማረፊያ።
እኔም ‹ቤን› አልሁት። ቀላሉን። መጀመሪያ ያስጠኑንን።
እሱም አልመጣ፣ እኔም አልቀረሁ።
ሁለታችንም ሰዋስው አልተሳሳትንም።»

ውጭ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ፤
ዘበኛው በሩን አንኳኳ።
ካርዱን ገለበጠችው፦
የሕፃን ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ።
ኩፍኝ፣ አንደኛ ዙር፣ ማኅተም።
ሁለተኛ ዙር፣ ባዶ።

«‹ኑ› ብያቸው ነበር» አለች፣
ካርዱን ከኪሷ ስትከት።
«ነገ እኔው ብሄድ ይሻላል።»