ማርሚታ

ከደቻቱ ማዶ፣ ከኡስታ ሙሜ ቤት፣
ሁለት ዓይነት ማርሚታ ቀረበለት
ለአባቴ ፊያት፣ ለዚያ ሽማግሌ ብረት።

«ይሄኛው አዲስ ነው፣ ከሆዱ ሥር ይውላል፤
ድምፁም ልዝብ ነው፣ ሕፃን ያስተኛል።
ያኛው የባቡር ነው፣ የተጣለ ቱቦ፣
ብየዳው ጎኑ ላይ እንደ ጠባሳ ተደርቦ፤
ሽቅብ ነው የሚቆም፤ ያስላል በጠዋት፣
ጥላሸት ይቀባል የሚነዳውን ሰው ፊት።»

እጄ ወደ አዲሱ። ኪሴም ተስማምቷል።
ግን ብልጭታ ቢወድቅ? አገዳው ደርቋል።

ደግሞ ያ ማንጎ አለ፣ በእርሻው መግቢያ መንገድ፣
ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፉ ሲወርድ፣
መሃል ላይ ይቆማል። አርባ ዓመት ሙሉ
ጭስ ያለፈበትን ቅጠሎቹ ጠሉ፤
ቀጭን ሰማይ አለ፣ በቱቦው ልክ ስፋት፣
አባቴ በመጋዝ ያልደከመበት፣
ዛፉ በፈቃዱ የለቀቀለት።

ለስላሳውን ብገዛ፣ በሁለት ክረምት
ይጋጠማል ቅጠል፣ ይደፈናል ክፍተት።

«የባቡሩን ስጠኝ።»
ሙሜ ሳቀብኝ። «ጆሮህ ይቻለው፣» አለኝ፤
«ዝናብ ሲመጣስ? አፉ ክፍት ነው፣ ክዳን የለኝ።»

ክዳኑማ አለ፤ የወተት ጣሳ ነው፣
ከመቀመጫው ሥር፣ እሱ እንዳስቀመጠው።