መንገዱ የተዘጋ ሰሞን

ባሌ ሌሊት ሌሊት ማንጎ ሲጭን ያድራል፤
ከለገሃሬ ኋላ መኪናው ይሞላል።
ሊነጋጋ ሲል ሁለቱም ይሄዳሉ፣
ማንጎው ወደ ጅቡቲ፣
ደምሰው ወደ ቤቱ።
እጁ ባዶ ነው፤
ሸሚዙ ነው እንጂ ማንጎ ማንጎ የሚለው።
ልጆቹ ተሻምተው አንገቱ ሥር ገብተው
ያሸቱታል።
የእኛ ቤት ፍራፍሬ ያ ነው።

ትንሿ ልጃችን ትርንጎ ትባላለች፣
የአማቴን ስም ወርሳ፤
ስትጠራበት እንጂ
ጥርሷ ላይ አታውቀው።

ሲስተር አያንቱ ከጤና ጣቢያ
ወር በገባ ማክሰኞ ጃንጥላ ይዛ ትመጣለች።
ሥዕል ትዘረጋለች፦
ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ለሁለት የተከፈለ ፓፓያ።
«ማዕዳችሁ ቀለም ይኑረው» ትላለች።
ደግ ልጅ ናት።
ውኃ ጠይቃኝ ጄሪካኑን ሳዘነብል አየችኝ፤
ግማሹን ጠጥታ ግማሹን መለሰችልኝ።
እንግዲህ ሰላጣውን በምን ልጠብላት?

ሒሳቤን ልንገርሽ፣ ሲስተር፦
ከገንደ ቆሬ ቀፊራ መሄጃ ባጃጅ፣ መመለሻ ባጃጅ፤
ከዚያ አንድ መደብ ቲማቲም፣
ከላይ ያሉት ሙሽሮች፣
ከሥር ያሉት ለቅሶ ቤት።
በዚያው ብር ፓስታ ይመጣል።
ፓስታ የድሬን ፀሐይ አይፈራም፤
ደመወዝ እስኪመጣ እንደ ዘበኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።
ፓፓያውን ግን ጠዋት ብገዛው
ለአሥር ሰዓት ዝንብ ይወርሰዋል።
ፍሪጅ ያለው ደሃቦ ቤት ነው፣
እሱም በረዶ ይሸጥበታል።

ደግሞ እውነቱን ካወራን
ጥፋቱ የኪስ ብቻ አይደለም፤ አፍም አለበት።
አንድ ቀን ሰላጣ ባቀርብለት፣
«ፍየል መሰልኩሽ እንዴ አቦ?» አለኝ ደምሰው።
ቅጠልማ ይወዳል!
ከአወዳይ የመጣ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣
ከምሳ በኋላ ጉንጩን የሚወጥርለት፤
ለዚያኛው ቅጠል ኪሱ ጨክኖ አያውቅም።
ኢፍቱም ከደንገጎ ወዲያ ሽንኩርት ትተክል ነበር፣
በአህያ ጭና ደጃችን ድረስ ታመጣልን ነበር፤
ዘንድሮ ማሳዋ ጫት ሆኗል።
ብጠይቃት፣
«ካሮት ልጅ አያስተምርም» አለችኝ።
ምን ልበላት?

አምና ሚያዝያ ላይ
ጎርፍ መጥቶ መንገዱን በላው።
መኪናው እንደተጫነ ቆመ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን።
በሦስተኛው ነጋዴው ሸራውን ገለጠና
አፍንጫውን ይዞ፣ «ውሰዱ!» አለ፣ «በሰጣችሁኝ!»
ማንጎ በባልዲ፣ ማንጎ በቀሚስ፣
ማንጎ በትምህርት ቤት ቦርሳ
ገንደ ቆሬ ገባ።
ያን ሰሞን ሥዕል የዘረጋ የለም፣
ምክር የሰጠ የለም፤
የሠፈሩ ልጅ ሁሉ አገጩ ቢጫ፣ ክርኑ ቢጫ፣
ሽማግሌው ሳይቀር ጭረቱን ከጥርሱ ሲነቅል ይውላል።
ትርንጎ ፍሬውን እስኪነጣ መጠጠችው፣
አጥባ ከትራሷ ሥር አስተኛችው።
ደምሰው ሥራ ፈት ነበር፤ ሳንቲም አልገባም፤
ግን በላን።
እሱ ሲጭን እንራባለን፣
እሱ ሲቀመጥ ማንጎ እንበላለን፤
ይህን ሒሳብ የሚፈታ ካለ ይምጣ።

በአምስተኛው ቀን ጥሩምባ ሰማን። መንገዱ ተከፍቷል።
ተመስገን አልኩ፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።
ትርንጎ ግን በር ላይ ቆማ፣
«አባዬ፣ ጎርፉ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው።
ደሃቦ ከወዲያ አጥር፣
«አፍሽን ያዢ!» ብላ ጮኸች፤
ደቻቱ አንድ ሌሊት ሁለት ወንድሞቿን ወስዶባታል።
ልጅቷ ምን አጠፋች?
እሷ የምታውቀው ጎርፍ
ማንጎ ያመጣው ነው።

አሁንም ሲነጋ ይመጣል፣ እጁ ባዶ።
ልጆቹ አንገቱ ሥር ይገባሉ፤
ትርንጎ ግን እንደ ድሮ አትስቅም።
ታሸተዋለች፣ ምራቋን ትውጣለች፣
ዞር ትላለች።
ድሮ ሽታ ብቻ ነበር።
እኔም ሸሚዙን ቶሎ አውልቄ አጥበዋለሁ፣
ውኃ ሲኖር።