ቁልፍ

ማስታወቂያው ወጣ፣ ከግቢው በር ላይ፣
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ከሩቅ የሚታይ፦
«ከዘንድሮ ወዲህ፣ አዲስም ነባርም ተማሪ፣
ላፕቶፕ ሳይዝ ቢመጣ ይቆጠራል እንደ ቀሪ።»

ሰዓዳ በስልኳ አንስታው መጣች፣
ሰኞ ገበያ፣ ከሱቄ ደጅ ቆማ ሁለቴ አነበበች።
እግሬን ከመርገጫው አላነሳሁትም፣
ብቻ የያዝኩት ሱሪ ስፌቱ ጠመመ፤ ቀጥ ብሎ አልሄደም።
«ስንት ነው?» አልኳት።
ስትነግረኝ ቀና ብዬ ጦሳን ፈለግኩት።
ጉም በልቶታል።
ደሴ እንዲህ ናት፤ በጨነቀህ ቀን
የምታየው ተራራ እንኳ ትነፍግሃለች።

ግቢው በዱቤ እሰጣለሁ አለ፣ በየወሩ የሚከፈል፤
ግን ዋስ ላለው ነው፤ ዋስ ደግሞ ከየት ይበቅል?
ጎሚስታው ደርበው ግራሶ የጠጣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣
«ፈራሚው እኔ ነኝ» አለ፣ የያዘውን ጎማ ወደ ጎን አድርጎ።
ከወረቀቱ ግርጌ የአውራ ጣቱ ጥቁረት
ማንም ሳይጠይቀው ታትሞ ቀረ፤
ለኔ ከማኅተሙ ይልቅ እሱ ከበረ።

ማታ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።
ለካስ የታጠፈ ኮት አያክልም!
ሌላው አባት ቢሆን ይመርቃል፤ እኔ ሜትሬን አወጣሁ፣
ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ውፍረቱን ለካሁ።
ከሰው ኮት የተረፈ ካኪ፣ ገበሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣
ከላይ ዚፕ፣ ከጎን ኪስ፣ ለገመዱ ማስቀመጫ፤
ሲነጋጋ ጨርሼ ሰጠኋት።
«አባ፣ ዝናብ አያስገባም?» ብትለኝ
ባዶውን አንጠልጥዬ ውሃ ደፋሁበት።

በሳምንቱ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ መጣች፤
ከዚያ ሦስት ወንዶች ከኮምቦልቻ፣ አንዲት ከወረኢሉ፣
«የሰዓዳ አባት ጋ» እየተባባሉ።
እስከ ጥቅምት አርባ አንድ ቦርሳ ሰፋሁ።
ኪሴን ሊያራቁት የመጣው ትእዛዝ
ኪስ እያሰፋኝ ዕዳዬን ከፈለ፤
ግማሹን። ግማሹ ገና አለ።

አንድ ልጅ ግን አይወጣልኝም።
ቦርሳውን አሰፍቶ፣ ሂሳቡን ቆጥሮ ሰጥቶኝ፣
«ላፕቶፑስ? ልለካው» ብለው
«ይመጣል፤ በጓደኛዬ ልክ ስፋው» አለና
ባዶውን አንግቶ ወረደ፣ በፒያሳ ጎዳና።
ጀርባው ላይ ቀለል ብሎ ይወዛወዝ ነበር።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ተቀምጬ ሰዓዳ ደወለች፣
«አባ፣ ቁልፉ ወለቀብኝ፣ ስሜ የሚጀምርበት» አለች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስተክል ኖሬ
ለአንድ ቁልፍ ልደነግጥ?
«ጠፋ እንዴ?»
«አልጠፋም፣ እጄ ላይ ነው።»
«እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሽው ነይ።
ባለ ስንት ቀዳዳ ነው?»

ሳቋ ስልኩን ሞላው፤ ደጋግማ ሳቀች።
እኔ ግን በሻማው፣ ዓይኔን አጨንቁሬ፣
መርፌው ላይ ክር አስገብቼ ነበር።