አራተኛው መስመር

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ አስፋልቱ ሲያበቃ
ኮንዶሚኒየሙ ቆሟል፣ ግማሹ ሳይነቃ፤
አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ይበራል፣
ልጄ አልተኛችም፤ ደብተሯም ይጣራል።

ስሜ ባሳ ይባላል፣ ሴራሚክ አንጣፊ፣
በሰው ሳሎን ሁሉ በጉልበቴ አላፊ።
ውሃ ልክ አውቃለሁ፣ ጥግ ማስተካከል፤
ፊደል ሲታደል ግን አልነበርኩም መሐል።

ደብተሩ ሰማያዊ፣ ጥጉ የታጠፈ፣
በመምህርት ዘነበች በቀይ የተጻፈ፤
ጧት ከቤት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፣
ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ጠረጴዛ ይወርሳል።
ከግርጌው የምፈርመው መስቀል ነው፣
እንደ ሁለት ሴራሚክ መጋጠሚያ።

«ዛሬስ ምን ይላል?» እላለሁ፣ ጫማዬን ሳልፈታ።
እያዛጋች ታነባለች ልጄ ኤፍራታ፦

  «ማክሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ።
  ማባዛት እስከ ስድስት ድረስ ይጠናል።
  በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ጮክ ብላ ታንብብልዎ።»

ትከድነዋለች።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ረድፍ ሲጎድልበት
ዓይኔ አይታለልም፣ ወለሉም ቢሰፋበት።
የቀዩ መስመር አራት፤
የሰማሁት ሦስት።
ዝም አልኩ። የተደበቀ ነገር እርጥብ ሲሚንቶ ነው፣
ቸኩለው ከረገጡት ዱካው ነው የሚቀረው።

ሃያውን ደቂቃ በዚያው ማታ ጀመርን።
እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፤
ፊደሉን ባላውቅም መሰናከል አውቃለሁ።
ያልያዘ ሴራሚክ በጣት ሲያንኳኩበት
ውስጡ ባዶ ይላል፤ ያልያዘች ቃልም እንደዚያው ናት።
«እዚች ጋ ተመለሽ» ስላት ትስቃለች፣
«እንዴት አወቅክ?» ብላ ደግማ ታነባለች።

ማባዛቱንማ በስብርባሪ ነው፣
ከሥራ ያመጣሁት፣ በከረጢት ያለው፤
አራት በአራት ደርድራ «አሥራ ስድስት» ትላለች፤
በሩን ረስታዋለች፣ ቤቱን ዘግታዋለች።

ማክሰኞ ከሥራ ቀረሁ፤ አለቃዬ አኮረፈ።
በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቴ ታጠፈ።
መምህርት ዘነበች የትምህርት ቤቱን ወሬ አወራች፦
ቧንቧው ተጠግኗል፣
ቤተ መጻሕፍቱ ተከፍቷል፣ መደርደሪያው ገና ነው፤
አሮጌ መጽሐፍ ያለው ያምጣ።
ከዚያ ወደ እኔ መጣች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ንባቧ ተሻሽሏል። ግን ክፍል ውስጥ ለምን ታንቀላፋለች?
ጽፌልዎ ነበር እኮ፣ አራተኛው መስመር ላይ።»

አራተኛው መስመር።
እኔ ነኝ ለካ፣ በሦስት ሰዓት የምገባው፣
ሃያ ደቂቃዋን ከእንቅልፏ የምነጥቀው።
ከእኔ የደበቀችው
እኔን ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርታችን ጧት ሆነ።
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ታክሲ ተራ፣ ሰልፍ ላይ፣
ጭጋጉ ሳይነሳ ከየረር ራስ ላይ፣
ቦርሳዋ ከጀርባዋ፣ ጣቷ ወደ ግድግዳው፦
«ጎ-ሚስ-ታ።»
«የሚሸጥ ቦታ፣ ደላላ የለውም።»
«አጥር ላይ መሽናት ክልክል ነው!» ስትል ጮክ ብላ
ሰልፈኛው በሙሉ ይስቃል።
«ብሎኬት ምርቻ» ብትል አንድ ቀን፣
ተራ አስከባሪው ዞሮ «ማምረቻ» አላት፤
አስተማሪ በዛላት።
ታክሲ ከዘገየ ሃያው አርባ ይሆናል፣
የሰፈር ሰው ያማርራል፤ እኔ አላማርርም።

አሁን ማታ ስመጣ መስኮቱ ጨለማ ነው።
ደስ ይለኛል። ትንሽም ይከፋኛል።

ትናንት ሰልፉ ላይ ደብተሩን ገለጠች፦

  «የንባብ ውድድር ሐሙስ ነው።
  ቀለም እርሳስ እንዳይረሳ።
  ፈተና በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል።
  ኤፍራታ በዚህ ሳምንት አላንቀላፋችም።
  አባቷም ጎበዝ ተማሪ ነው።»

ከትከሻዋ በላይ አጎንብሼ ቆጠርኩ።
የቀዩ መስመር አራት፤
የሰማሁት አምስት።

እስክሪብቶውን ተቀበልኳት፤
ለአምስቱም ፈረምኩ።